የአንሶላው ሌላኛ ጫፍ

አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። የትራስ ልብስ ይታጠፋል፣ ፎጣም ይታጠፋል፤ የሆስፒታል አንሶላ ግን ከአጣፊዋ ቁመት ይረዝማል። አንዱ ጫፍ እጅ ላይ ሲሆን ሌላው መሬት ይጠርጋል፣ የላውንደሪ መሬት ደግሞ ደርቆ አያውቅም። ስለዚህ ሁለት ሰው ይፈልጋል። የልጅ ልጄ ግን ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ለብቻዋ ነበር የምታጥፈው።

አንዱን ጫፍ በጨርቅ ብጣሽ ከመስኮቱ ብረት ጋር ታስራለች። ሌላውን ይዛ ወደ ኋላዋ እየሄደች ትወጥረዋለች፣ ታጥፋለች፣ ሄዳ ትፈታዋለች፣ ለሚቀጥለው ደግሞ ተመልሳ ታስራለች። እኔ እዚያው ጥጌ ላይ ተቀምጬ የተቀደደውን ስሰፋ፣ የወለቀውን ቁልፍ ስተክል እውላለሁ፤ ምልልሷን እያየሁ የኔ ጉልበት ይዝላል። ውሃው እንዳያንሸራትታት፣ የቦይለሩ እንፋሎት ደረቷን እንዳይመታት፣ ሳትበላ ውላ ራሷን እንዳያዞራት፤ እኔ ለመስጋት ምክንያት አጥቼ አላውቅም። ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ግን ጠርጥሬም ተመንጥሬአለሁ።

ልጅቷን ሚጣ ነው የምንላት፤ አድጋም ሚጣ ናት። ወንድሟን ደግሞ ግራው ነበር የምንለው፣ ሁሉን ነገር በግራ እጁ ስለሚሠራ። እናታቸው፣ የኔው ልጅ፣ ሁለቱን ገና በሕፃንነታቸው ለኔ ትታ በሕመም ሄደች። ግራው ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ እግሩን ከብርድ ልብሱ ውጪ ካላደረገ እንቅልፍ አይወስደውም። ቁርም ይሁን ዝናብ ያቺ እግር ውጪ ናት። እሸፍናታለሁ፣ ያወጣታል። ተመልሼ እሸፍናታለሁ፣ ያወጣታል። "እምዬ፣ እግሬ መተንፈስ ይፈልጋል" ይለኝ ነበር። ጢም አብቅሎም እንደዚያው ነው፤ እኔም ጢሙን አይቼ መሸፈኔን አልተውኩም።

ሁለቱም እዚሁ ላውንደሪ ገብተው አጣፊ ሆኑ። እንደነሱ የሚያጥፍ አልነበረም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ሁለቱም በቀኝ እጃቸው ጫፉን ካመጡት፣ አንሶላው መሃል ላይ እንደ ገመድ ይጠማዘዛል። አንደኛው የማይቀናውን እጁን ማልመድ አለበት። እነሱ መልመድ አላስፈለጋቸውም። እሷ በቀኟ ታመጣለች፣ እሱ በግራው ያመጣል፣ ልክ መስታወት ፊት እንደቆመ ሰው። አይነጋገሩም፣ አይተያዩም። እሷ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትለው፤ "መሬት እንዳታስነካ።" መሬት አስነክቶ የማያውቀው ልጅ "እሺ እመቤቴ" ይላታል። ሽማግሌው ባለካውያ "እነዚህ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው፤ ደሞዝ ላይ ብቻ ነው ሁለት የሚሆኑት" ይል ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣና ግራውን ወሰደው። ባለካውያው እረፍት በወጣ ቀን ካውያውን የሚይዘው እሱ ስለነበር፣ ስልክ ሲደውል "አታስቢ እምዬ፣ እኔ ድሮም ስተኩስ ነው የኖርኩት፤ ካውያው ነው የተቀየረው" እያለ ይቀልድብኛል። እኔ የቀልድ ሆድ ከየት ላምጣ።

"በየትኛው እጅህ ነው የሚያስተኩሱህ?" እለዋለሁ።

"በቀኝህ ይሉኛል።"

"በቀኝህማ እምቢ በል። አይሆንልህም።"

ይስቃል። አጠገቡ ላለው ሰው ሲደግምለት ይሰማኛል፤ ያም ይስቃል።

"እግርህን ሸፍነህ ተኛ።"

"ማን ሊሸፍንልኝ እምዬ? አዛዡን ልዘዘው?"

ከሱ ጋር የተነጋገርነው የመጨረሻው ነገር ይኸው ነው። እግር።

የፈሩት ይደርሳል። ሁለት ሰዎች ቤታችን መጥተው "በክብር ወደቀ" አሉን። ሚጣ "እንዴት?" አለቻቸው። "ዝርዝሩ አልደረሰንም" አሉ። ውሃ አቀረብኩላቸው፣ ጠጡ፣ ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ሚጣ ማንንም ምንም አልጠየቀችም። አታለቅስም። ከሥራ አትቀርም። ዳቦ ሰጥቻት ዞር ብዬ ስመለስ ዳቦው እንዳለ ነው። ካልነገርኳት ጸጉሯን አታበጥርም።

እኔም ሕግ አወጣሁ። በሷ ፊት ስሙ እንዳይነሳ። ለባለካውያው፣ ለአጣቢዎቹ፣ ለጋሪ ገፊው ሳይቀር እየዞርኩ ነገርኳቸው። ቁስል የሚያመረቅዘው ሲነካካ ነው ብዬ ነው። ባለካውያው "ቁስል ታፍኖም ያመረቅዛል እኮ እማማ" ብሎኝ ነበር። "አንተ ካውያህን ጠብቅ" አልኩት።

ችግሩን ያመጣው ብረቱ ነው። የመስኮቱ ብረት ዝጓል፤ ከሱ ጋር የታሰረ አንሶላ ጫፉ ላይ ቡናማ ነጥብ ይዞ ይቀራል። ሆስፒታሉ አንሶላዎቹን መለሰብን። እኔ ከቤት ሎሚና ጨው እየያዝኩ መጥቼ፣ ሰው ዘወር ሲል ጫፍ ጫፉን አሻለሁ። ሎሚ ዝገት ያስለቅቃል። ግን የአንሶላው ብዛትና የኔ ጣቶች አልተመጣጠኑም።

አሰሪያችን ክፉ ሴት አይደለችም፤ የደከማት ሴት ናት። አንዲት አጣፊ ቀጠረችና ከሚጣ ጋር አቆመቻት፤ አዲሷ ነው የምንላት። ሁለቱም በቀኛቸው አመጡ፤ አንሶላው ተጠማዘዘ። ደገሙት፤ ተጠማዘዘ። የጎደለችው አንዲት ቃል ነበረች፤ "በግራሽ አምጪ" የምትል። ሚጣ ታውቃታለች። አላለቻትም። አንሶላውን ከእጇ ወሰደችባትና ሄዳ ብረቱ ላይ አሰረችው።

"እማማ፣ ምን አደረግኳት?" አለችኝ አዲሷ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

"ምንም አላደረግሻት ልጄ። ጉልበትሽን ቆጥቢ" አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ? የቆምሽበት ቦታ የሰው ነው ልበላት?

በማግስቱ አሰሪያችን መጥታ ወንበሬ አጠገብ ቆመች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የምትናገረው፤ ዝቅ ያለ ድምፅ ደግሞ ለኔ ከጩኸት ይብሳል።

"እማማ፣ እኔም ሰው ነኝ።"

"አውቃለሁ ልጄ።"

"ሆስፒታሉ ሌላ ላውንደሪ እፈልጋለሁ እያለኝ ነው። ወይ ከአዲሷ ጋር ታጥፍ፣ ወይ ከነገ ጀምሮ ወደ መዘፍዘፊያው ትውረድ።"

"መዘፍዘፊያው ምድር ቤት ነው። መስኮት የለውም።"

"በረኪና ነው እንጂ መርዝ አይደለም እኮ።"

"በረኪና ለጤነኛ ሰው ነው።"

ሳትፈልግ ሳቀች። ከዚያ ፊቷን አሸት አሸት አደረገች። "ነገ ጠዋት፣ እማማ። ከዚህ በላይ አልችልም።"

መዘፍዘፊያውን አውቀዋለሁ። የሲሚንቶ ገንዳ አለ፣ ዱላ አለ፣ አንድ አምፖል አለ። ሠራተኛዋ ለብቻዋ ቆማ እያማሰለች ትውላለች፤ የምታናግረው የለም፣ የሚያናግራት የለም። ሚጣ እዚያ ከወረደች የምትወጣ አልመሰለኝም። ማታ ማታ ሰውነቷ ይወጣ ይሆናል፤ እሷ ግን እዚያው ትዘፈዘፋለች። አንዱን ሞት ወሰደብኝ፣ ሁለተኛዋ በቁሟ እየሄደችብኝ ነበር።

ወታደሩ የመጣው ያንኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው።

ባለካውያው ተጣድፎ መጣና ጆሮዬ ላይ ተጎነበሰ። "እማማ፣ የመቀበያው መስኮት ጋ ሰው አለ። ወታደር ነው። ግራውን አውቀዋለሁ ይላል።"

መርፌዬን ሳልሰካ ነው የተነሳሁት። መቀበያው ጋ አንድ ቀጭን ልጅ ቆሟል። ኮቱ ታጥቧል፣ አልተተኮሰም፤ አንገቱ ኮሌታው ውስጥ ይንሸራሸራል። እጁን ይዤ የቆሸሸ ልብስ የሚለይበት ክፍል አስገባሁትና በሩን ገፋ አደረግኩት።

"የግራውን እህት ነበር የምፈልገው" አለኝ።

"አያቱ ነኝ።"

"እርስዎ ነዎት እምዬ?"

በዚያ ስም የሚጠራኝ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር የቀረኝ።

"ምን ይዘህ መጣህ?" አልኩት።

"ምንም። ዕቃው በመሥሪያ ቤት በኩል ይመጣል። እኔ እንዲሁ ነው የመጣሁት። አልጋችን ጎን ለጎን ነበር። ፈቃዴ ዛሬ ያልቃል፣ ማታ አውቶቡስ አለብኝ።"

"ማን ልበልህ?"

"ቀጮ ነው የሚሉኝ።"

"አያበሏችሁም እንዴ?"

"ያበሉናል። እኔ ጋ አይቀመጥም እንጂ።"

በሌላ ቀን ቢሆን ይህን ልጅ አስቀምጬ አበላው ነበር። ያን ቀን ግን በሩን በጀርባዬ ደግፌ ቆምኩ።

"ስማኝ ልጄ። እህቱ ትናንት ግማሽ ዳቦ በላች። አንተ ገብተህ አንዲት ቃል ብትናገር ያቺም ግማሽ ትቀራለች። ነገ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለብን። የምትነግራትን ለኔ ንገረኝና በሰላም ሂድ።"

ቆብ ይዞ ነበር፤ እሱን ማዞር ጀመረ። "መኪና ላይ ነበርን" አለ። "ተኝቶ ነበር። አልተሰማውም።"

አቀረቀርኩ። ለአያት የሚነገር ወሬ አለ። ተኝቶ ነበር፣ አልተሰማውም፣ ፊቱ ላይ ፈገግታ ነበር። ስንቷ አያት ሰምታዋለች። እኔም ለሌሎች ብያለሁ። አላመንኩትም፣ አልተቀየምኩትምም።

"እግዜር ይስጥህ" አልኩት። "በል አሁን ሂድልኝ።"

አልተከራከረኝም። "እሺ እምዬ" አለ፤ እንደ ልጅ።

የፊቱን በር ግን የሆስፒታሉ መኪና አንሶላ እያራገፈ ዘግቶታል። መውጫው በማጠፊያው ክፍል በኩል ብቻ ሆነ። "ግድግዳውን ይዘህ፣ ቀና ሳትል እለፍ" አልኩት። ከኋላው ተከተልኩት።

ሚጣ አንሶላ ስትወጥር ነበር። ቀጮ በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ ነው የጨርቁ ቋጠሮ ከብረቱ ላይ የተፈታው። ጫፉ ወደ ርጥቡ መሬት ወረደ። መሬት ሳይነካ ልጁ ጎንበስ ብሎ ያዘው።

ሚጣ አየችው። ኮቱን አየች፣ ጫማውን አየች። ትጮሃለች ብዬ ነው የጠበቅኩት፣ ወይ ትወድቃለች። እሷ ግን አንሶላውን ወደራሷ ሳብ አደረገችው፤ ሲታጠፍ እንደሚደረገው። እሱም ሳብ አደረገው። በቀኟ አመጣች። እሱ በግራው አመጣ። አንሶላው ቀጥ ብሎ ገጠመ። ወደሷ ሄዶ ጫፉን አስረከባት፣ ጎንበስ ብሎ ከታች እጥፋቱን ይዞ ተነሳ፣ እንደገና በግራው አመጣ። ገጠመ።

ባለካውያው ካውያውን ማንሳት ረስቶ የአንዱን ሐኪም ጋዎን ጭስ አስወጣው።

"ማን አስተማረህ?" አለችው ሚጣ። ድምጿ ከተከረቸመ ቤት የወጣ ይመስላል።

ቀጮ መጀመሪያ ወደኔ አየ። ከዚያ "ግራው" አላት።

ስሙ ተጠራ። ጣሪያው አልወደቀም።

"ብርድ ልብስ ማጠፍ እያቃተኝ እቀጣ ነበር" አለ። "አንድ ቀን ፊቱ አቆመኝና፣ 'ከዛሬ ጀምሮ አንተ እኔ ነህ፣ እኔ ሚጣ ነኝ' አለኝ። እሱ በቀኙ እያመጣ እኔን በግራዬ ያስመጣኛል። በግራዬ አልችልም ብለው አይሰማም። 'ሚጣ የምታመጣው በቀኟ ነው፤ አርፈህ በግራህ አምጣ' ይለኛል። በኋላማ ሰው ሁሉ ሚጣ ነበር የሚለው።"

"እሱን ነው ሚጣ የሚሉት?"

"አዎ። አይከፋውም። አቤት ይላል።"

ሚጣ ከክምሩ ላይ ሌላ አንሶላ አነሳችና ጫፉን ወረወረችለት። "መሬት እንዳታስነካ" አለችው።

ቀጮ ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረ። "ይቺን ነበር የሚለኝ። በቀጭን ድምፅ።"

"የኔ ድምፅ ቀጭን ነው?"

"እሱ ሲያወጣው ቀጭን ነው።"

አንድ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ አጠፉ። ክምሩ እየቀነሰ ሄደ። አዲሷ ከፎጣዎቿ ቀና ብላ ታያቸዋለች። እኔ ጋሪው ጠርዝ ላይ ተደግፌ፣ አውቶቡሱ ያምልጠው ይሆን፣ ደግሞ ቶሎ በሄደልኝ እያልኩ፣ ሁለቱንም በአንድ ላይ እሰጋለሁ።

"እንዴት ሞተ?" አለች ሚጣ፣ እያጠፈች።

ቀጮ እንደገና ወደኔ አየ። ፈቃድ እየጠየቀኝ ነው። እንዲተወው ራሴን መነቅነቅ ብቻ ነበር የሚበቃኝ። ጣቴ ላይ የተጠቀለለ ክር ነበር፤ እሱን ማየት ጀመርኩ።

"ተኝቶ ነበር" አላት።

"እንደዚህ በላት ያለችህ እምዬ ናት?"

"አይደሉም። ተኝቶ ነበር። ከመኪናው ኋላ፣ ጭነቱ ላይ። አንዱን ጫማ አውልቆ እግሩን ውጪ አድርጎ ነበር። ይበርዳል፣ በኮቴ ሸፈንኩለት። አወጣው። ደግሜ ሸፈንኩለት። አወጣው። 'ተወኝ፣ እግሬ ይተንፍስ' አለኝ በእንቅልፍ ልቡ። ብርዱ ሲብስብኝ ኮቴን ለብሼ ሹፌሩ ጋ ጋቢና ገባሁ። የተመታው ኋላው ነው።" አንሶላውን ሳይለቅ ቆመ። "ኋላ የነበሩት በሙሉ። እኔ የተረፍኩት ጋቢና ስለነበርኩ ነው።"

ጋሪው ውስጥ ተቀመጥኩ፤ የታጠበ ልብስ ላይ፤ ማንም አልተቆጣኝም። ይህን ሰው ፈጥሮ ሊናገረው አይችልም። ቤታችን የመጡት ሰዎች አያውቁትም። ያቺን እግር የማውቃት እኔ ነኝ፣ ሚጣ ናት፣ አሁን ደግሞ ይህ አንገተ ቀጭን ልጅ። ማን ሊሸፍንልኝ ብሎኝ ነበር። የሸፈነለት ሰው ነበር። ሁለቴ።

ሚጣ ግማሽ የታጠፈውን አንሶላ ወደ ፊቷ አመጣችና ውስጡ አለቀሰች። ረጅም ለቅሶ ነው፣ የተጠራቀመ። ጫፉ ከቀጮ እጅ አልወጣም፤ እንደወጠረው ቆሞ ጠበቃት። አሰሪያችን በሩ ላይ ብቅ ብላ አየች። ባለካውያው "ደግሞ ይታጠባል፣ አንሶላ ነው" አላት። ተመልሳ ሄደች።

ሲረጋጉ ቀጮን ጠራሁት። "ይኸው ኮት ነው?" አልኩት።

"ይኸው ነው።"

"አውልቀው።"

አንዱ ቁልፍ የለውም፤ ሌላው በአንድ ክር ተንጠልጥሏል። ሁለቱንም ተከልኩለት፣ ክሩን ደራርቤ። ባለካውያው ተቀብሎኝ ተኮሰለት፤ ኮሌታውን ሁለት ጊዜ ተመላለሰበት። እስከዚያ ልጁ በካናቴራ ቆሞ ከቦይለሩ ጎን ሞቀ። ሚጣ ከቦርሳዋ ምሳዋን አወጣችና ሰጠችው፤ ሳትነካው የዋለችውን። እሷም አብራው እንድትበላ ብዬ ዓይኔን ብጥልባት ቁራሽ ቆርሳ አፏ ውስጥ ከተተች። ምንም አላልኩም። ቢባል ትተወው ይሆናል።

"ከኋላ እንዳትቀመጥ" አልኩት ሲሰናበተኝ። "ጋቢናም አይሁን። መሃል ላይ ሁን። አንገትህን ሸፍን።"

"እሺ እምዬ።" የት እንደሚቀመጥ የሚመርጠው እሱ እንዳይደለ ሁለታችንም እናውቃለን። ጉንጬን ሳመኝና ሄደ። ሚጣ እስከ ውጪው በር ሸኘችው። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ዕድሜ ልኬን የሰው ወሬ ሳዳምጥ ኖሬ ያን ዕለት ጆሮዬ ደከመው።

ስትመለስ የቀረውን ክምር አየችው፣ ብረቱን አየችው፤ ጨርቁ አሁንም ተንጠልጥሎበታል። አንሶላ አነሳች።

"ነይ" አለቻት አዲሷን። "ያንን ጫፍ ያዥ።"

"ይጠማዘዛል እኮ።"

"በግራሽ አምጪ።"

"በግራዬ አይሆንልኝም።"

"ከአንቺ የባሰም ሆኖለታል። አርፈሽ በግራሽ አምጪ። መሬት እንዳታስነኪ።"

አዲሷ መሬት አስነካችው። ሚጣ ተነፈሰች፣ አንሶላውን ወደ ቆሻሻው ጋሪ ወረወረችና ሌላ አነሳች። ሁለተኛውም መሬት ነካ። ሦስተኛው ጠመም ብሎ ገጠመ። እስከ መዝጊያው ድረስ እንዲሁ ሲነታረኩ ዋሉ፤ ግራው ከሞተ ወዲህ ያንን ንትርክ ያህል ደስ የሚል ነገር አልሰማሁም። አሰሪያችን ስትዘጋ የታጠፈውን ጫፍ ጫፉን ገልጣ አየች፣ "ነገ በሰዓታችሁ ግቡ" ብቻ አለች። ስለ መዘፍዘፊያው አላነሳችም።

ለነገው ዝገት ብዬ የገዛኋቸው ሎሚዎች ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ። ቤት ስንገባ በውሃ ጨመቅኩላት። አንድ ጊዜ ጎንጨት አለችና ፊቷን ኮሰተረች።

"ስኳር አንሶታል እምዬ።"

ስኳር ጥርስ ያበላሻል፣ በባዶ ሆድ ደግሞ አሲድ ነው። ጨመርኩላት። ጠጣችው።